በበሩና በዋንጫው መካከል፦ ስለ ሴት ልጆች የምህንድስናና የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር፤
ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥራ አመራር ቦርድ፤
ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ሰንጋ ተራ ባሉት ታላላቅ ሕንፃዎች ለተሰየማችሁ የባንክና የመድን ድርጅት የበላይ ኃላፊዎች፤

ልደታ፣ አዲስ አበባ፤ ግንቦት 2017 ዓ.ም.



ይህ ደብዳቤ የሚጻፍበት ሰፈር ስሙን የወረሰው ከአንዲት ሴት ልጅ መወለድ ነው። የእመቤታችን ወላጆች ኢያቄምና ሐና ወንድም ቢሰጠን ሴትም ብትሰጠን ለቤተ መቅደስ እናገባለን ብለው ተስለው፣ የተሰጠቻቸውንም ሴት ልጅ ገና በሦስት ዓመቷ ለቤተ መቅደስ እንዳስረከቧት እያሰብን በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን ንፍሮ ቀቅለን፣ ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ ከጎረቤት ጋር ደጅ ተቀምጠን የምናከብር የልደታ ሰዎች፣ ሴት ልጅን ለዐቢይ ነገር መስጠት እንደሚገባ ከሌላ መማር ባላስፈለገን ነበር። ዳሩ ግን በዓሉን ማክበርና የበዓሉን ነገር በኑሮ መፈጸም ሁልጊዜ አብረው ስለማይሄዱ፣ ይህችን ማመልከቻ ለእናንተ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ብዙ ሳይርቅ፣ ሕዝቡ ሕንፃ ኮሌጅ ብሎ የሚጠራው ትምህርት ቤት አለ፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተብሎ ተመሥርቶ፣ ኋላም ወደ ዩኒቨርሲቲው ተጠቃሎ፣ በቅርብ ዓመታት የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ተቋም ሲባል የቆየው ነው። ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ሲወጡ ደግሞ ከነፃነት ማግሥት ጀምሮ ለአገሪቱ አናጢውንና መካኒኩን፣ ኤሌክትሪሻኑንና ቀያሹን ሲያወጣ የኖረው ተግባረ ዕድ ይገኛል፤ የቀላል ባቡሩ ጣቢያ እንኳ በስሙ ይጠራል። ከአብነት፣ ከጌጃ ሰፈርና ከጦር ኃይሎች በየማለዳው በባቡሩ መስኮት ወደ እነዚህ ግቢዎች እያዩ የሚያልፉ ደንብ ልብስ የለበሱ ልጃገረዶች ቁጥራቸው ብዙ ነው። ከእነርሱ መካከል በመሐንዲስነት ወይም በኮምፒውተር ሊቅነት የሚወጡት ስንት ናቸው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን በሰፈሩ ሽማግሌዎች መካከል እንኳ አልሰማሁም።

ሐተታ ሳላበዛ ዋናውን ነገር ልናገር። ለሴት ተማሪዎች የምናደርገው ድጋፍ በሁለት ቦታ ብቻ ይታያል፤ አንዱ በመግቢያው በር፣ ሁለተኛውም በምረቃው መድረክ ነው። በበሩ ላይ የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ይደረግላታል፤ በመድረኩ ላይ ከሴቶቹ ብልጫ ላገኘችው ዋንጫና ሜዳልያ ይሰጣታል፤ ዕልልታውም ይቀልጣል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያሉት ዓመታት ግን፣ ይኸውም በኮምፒውተር ሳይንስ አራት፣ በምህንድስና አምስት የሆኑት፣ ተማሪይቱ የምትጸናባቸው ወይም የምትወድቅባቸው እነርሱ ሆነው ሳለ፣ የሥርዓተ ጾታ ጽሕፈት ቤቶች በስስ በጀታቸው ከሚያደርጉት ጥቂት ነገር በቀር፣ የሚቆምላት የለም። ለመቀበል ፈቅዶ ለማኖር አለመፈለግ፣ አንዳንዴ ካለመቀበል የከፋ ጉዳት ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ከደጅ የተመለሰችው ሌላ መንገድ ስትፈልግ፣ ከመካከል የተመለሰችው ግን «ሴት ልጅ ለዚህ ነገር አትሆንም» ለሚለው ምስክር ሆና ትቆጠራለች።

«አትሆንም» ለሚለው ለዚህ ለጥንቱ ነገር መልስ ለመስጠት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በጎጃም ጽላሎ ዓይነ ሥውር ሆነው ሳለ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፣ ከየአገሩ የመጡ ወንዶች ደቀ መዛሙርት ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው እንደተማሩ የማያውቅ የቤተ ክህነት ሰው የለም፤ ቅኔን ያህል ረቂቅ ትምህርት፣ ያውም ያለ ዓይን፣ በቃል ብቻ ይዞ ማስተማር ከተቻለ፣ ረቂቅነት ለሴት አይሆንም የሚለው ክርክር ከየት እንደመጣ አላውቅም። ስለ ስሌትም ከሆነ፣ የባሕረ ሐሳብ መምህራን ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፈው፣ ከተረፈው አንዱን ቀንሰው ወንበር ካሉ በኋላ፣ ወንበሩን በ11 አባዝተው በ30 ሲገድፉ አበቅቴን፣ በ19 አባዝተው በ30 ሲገድፉ መጥቅዕን ያወጣሉ፤ በዚህም ሥርዓት የ2017 ዓ.ም.፣ ማለትም የ7517 ዓመተ ዓለም ወንበር 11፣ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ሆኖ፣ ሁለቱ ሲደመሩ እንደ ወትሮው 30 ይመላሉ። ኮምፒውተር የሚሠራው ከዚህ የተለየ ምሥጢር አይደለም፤ የተሰጠውን ሥርዓት ደረጃ በደረጃ ሳይዛነፍ መፈጸም ነው። እንግዲህ ነገሩ ለአገራችን ልቡና ባዕድ አይደለም፤ ባዕድ ሆኖ የኖረው ሴት ልጅን በዚህ ወንበር ላይ የማስቀመጥ ልማድ ነው።

እርሱም ቢሆን ጨርሶ ያልተሞከረ አይደለም። እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለልጃገረዶች የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ ከጣሊያን ጦርነት በፊት ወደ ስዊስ አገር ተልከው የተማሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ኋላ የዚሁ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ እ.ኤ.አ. በ1957ም ለሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያይቱ ሴት ሆነዋል። ሙሉእመቤት እምሩ ጣሊያን አገራችንን ከመውረሩ በፊት አውሮፕላን ማብረር ተምረው ነበር፤ ከዚያም በኋላ ሌላ ኢትዮጵያዊት በአገሩ አየር መንገድ ካፒቴን ለመሆን እስክትበቃ እስከ እ.ኤ.አ. 2010 ድረስ ቆየን። ይህንን ማዕርግ ያገኙት ካፒቴን አምሳለ ጓሉ፣ አስቀድመው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ያጠኑ ናቸው። ከሙሉእመቤት እስከ አምሳለ ያለው ዘመን የሰው ዕድሜ ያህል ነው። ይህን ያህል ጊዜ የጠፋው ችሎታ ያላት ሴት በመታጣቷ ነው ብሎ የሚያምን ካለ፣ እኔ ከእርሱ ጋር ለመከራከር አልፈልግም።

አሁን ወዳለንበት ዘመን ልመለስ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከኩረጃ ከተጠበቀ ወዲህ፣ ለማለፍ የበቁት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ሚኒስቴሩ ራሱ አስታውቋል። ፈተናው እውነተኛ መሆኑን እደግፋለሁ፤ በኩረጃ የተገነባ መሐንዲስ የሚሠራው ድልድይ በማን ላይ እንደሚወድቅ ማወቅ አያስቸግርምና። ነገር ግን ወንፊቱ ይህን ያህል ሲጠብብ፣ በቤት ውስጥ ያለው የሥራ ክፍፍል እንደነበረ ከቀረ፣ ተጎጂው ማን እንደሆነ ማስተዋል ይገባል። ውኃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሌሊት ተነሥታ ጀሪካን የምትሞላው ማን ናት? እንጀራውን ጋግራ፣ ወጡን ሠርታ፣ ታናናሾቿን አብልታ፣ ከዚያ በኋላ መብራት ካልጠፋ ደብተሯን የምትገልጠው ማን ናት? ወንድሟ በዚያው ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። እኔ ሒሳብ ሳስተምር በኖርሁበት ዘመን ያየሁት ነገር፣ እኩል ልቡና ያላቸው ሁለት ልጆች እኩል ሰዓት ስላላገኙ ብቻ እኩል ውጤት ሳያመጡ መቅረታቸውን ነው።

ይህችው ልጅ ያን ሁሉ አልፋ ኮምፒውተር ሳይንስ ገባች እንበል። በመጀመሪያው ሳምንት ከአጠገቧ የተቀመጠው ወንድ ልጅ፣ ከታላቅ ወንድሙ በወረሰው ላፕቶፕ ላይ ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ሲሆን፣ እርሷ ግን የኮምፒውተር መክተቢያን በእጇ የነካችው በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ለሦስትና ለአራት ሆና በተራ ነው። መምህሩም ክፍሉ ሁሉ የሚያውቅ መስሎት ያልፋል። ላቦራቶሪው እስከ ምሽት ክፍት ነው ቢባልም፣ ከጨለመ በኋላ ወደ ቤት ወይም ወደ ዶርም የምትሄድበት መንገድ ለእርሷና ለወንዱ አንድ ዓይነት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር መልካም አሳብ መሆኑን አልክድም፤ ትምህርቱም ነፃ ነው፤ ነገር ግን ትምህርቱ ነፃ ሆኖ መማሪያው መሣሪያና ዳታው በገንዘብ ከሆነ፣ ነፃነቱ ላላቸው ሰዎች ብቻ ይሆናል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስለን ደግሞ ከውጭ አገር አንድ ነገር ላስታውስ። በአሜሪካ በኮምፒውተር ሳይንስ በመጀመሪያ ዲግሪ ከሚመረቁት መካከል የሴቶቹ ድርሻ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ 37 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ማደጉ ቀርቶ እያሽቆለቆለ ሄዶ ወደ 18 በመቶ ገደማ ወረደ። በዚያ ዘመን የቤት ኮምፒውተር ለወንዶች ልጆች መጫወቻ ተደርጎ ስለተሸጠ፣ ወንዶቹ ለምደውት ሲመጡ ሴቶቹ ሳይለምዱት መጥተው፣ በመጀመሪያው ዓመት ክፍል ውስጥ ዘግይተው እንደተገኙ ነገሩን የመረመሩ ሰዎች ከምክንያቶቹ እንደ አንዱ አድርገው ጽፈዋል። ካርኔጊ ሜለን የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ይህን ተረድቶ፣ ላልለመዱት ተማሪዎች የተለየ የመነሻ ትምህርት አዘጋጅቶ፣ ተማሪ የሚቀበልበትንም መስፈርት ከቀድሞ ልምድ አላቅቆ ቢያሻሽል፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ከአዲስ ገቢዎቹ 7 በመቶ የነበሩት ሴቶች በ2000 ወደ 42 በመቶ ከፍ አሉ። በአምስት ዓመት ውስጥ የሴቶች አእምሮ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሥርዓቱ ነው። በማሌዥያም የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሎች ግማሽ ያህሉ ሴቶች ሆነው ሲታዩ፣ ማንም አይደነቅም ይባላል።

ነፃ የትምህርት ዕድል የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ፤ ችግሩ የሚመጣበት ሰዓት ነው። በኢጣልያ ትሪየስቴ የሚገኘው፣ በስዊድን መንግሥት ገንዘብ ሲረዳ የኖረው የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ለዶክትሬት ተማሪዎች ዕድል ይሰጣል፤ ሽሉምበርዤ ሲባል የኖረው የነዳጅ ዘይት አገልግሎት ኩባንያ ያቋቋመው ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሳይንስና በምህንድስና ለሚመራመሩ የታዳጊ አገር ሴቶች እንዲሁ ሲያደርግ ቆይቷል። ሁለቱም የተመሰገኑ ናቸው፤ ነገር ግን ለዶክትሬት የደረሰችው አስቀድማ የተረፈችው ናት። ስዊድኖቹ እ.ኤ.አ. በ1954 ገንዘባቸውን በዚህ በልደታ ላይ ሲያፈሱ፣ ገና ከሁለተኛ ደረጃ ለወጡ ልጆች እንደነበረ ማስታወስ ይገባል።

ዕድሉ በሰዓቱ ሲመጣ ምን እንደሚያፈራ በራሳችን ልጆች ታይቷል። ዶክተር ረድኤት አበበ በዚህችው ከተማ በናዝሬት ትምህርት ቤት ሲማሩ ቆይተው፣ በውድድር ባገኙት ነፃ የትምህርት ዕድል ኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ስኩል ገብተው፣ ከዚያም በሃርቫርድ ሒሳብ አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት በመቀበል በዚያ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ትምህርት የመጀመሪያይቱ ጥቁር ሴት ሆነዋል። ልብ በሉ፤ ዕድሉ የደረሳቸው ገና የትምህርት ቤት ልጅ ሳሉ ነው። ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ደግሞ የታላቁ የግዕዝ ሊቅ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው እ.ኤ.አ. በ1975 በደርግ ወታደሮች ጥይት ቆስለው ከተሰደዱ በኋላ፣ በሚኒሶታ ተቀምጠው የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ሲመረምሩና በዝርዝር ሲያሰፍሩ፣ ልጅየዋ በኤም አይ ቲ ምህንድስና ተምረው፣ በፉልብራይትና በሁምቦልት የትምህርት ዕድል በጀርመን አገር ተመራምረው፣ ጠጣር አሲድን ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚያውል የነዳጅ ሴል በመሥራት በዓለም ታወቁ። አባት የብራናን፣ ልጅ የቁስ አካልን ምሥጢር መርማሪ የሆኑበትን ይህን ቤት ሳስብ፣ ዘመናዊውንና ጥንታዊውን ዕውቀት አጣልተን የምንቆም ሰዎች ምን እንደያዘን አይገባኝም። ይሁን እንጂ ረድኤትም ሶስናም ፍሬያቸውን ያፈሩት በሰው አገር ነው፤ ይህንንም ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልሁም።

ሴቶች በዚህ ሥራ ውስጥ አለመኖራቸው የሚጎዳው እነርሱን ብቻ አለመሆኑን ያሳዩን ደግሞ በአዲስ አበባ የተወለዱት ዶክተር ትምኒት ገብሩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከባልንጀራቸው ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በታተመው ጥናታቸው፣ ፊት አይቶ ወንድና ሴት እንዲለይ የተሠራ የኮምፒውተር ሥርዓት በነጣ ያሉ ወንዶችን ሲመለከት ስሕተቱ ከ1 በመቶ ያነሰ ሲሆን፣ ጠቆር ያሉ ሴቶችን ሲመለከት ግን እስከ 34.7 በመቶ ድረስ እንደሚሳሳት ገልጸዋል። ነገ ባንኩ ብድር የሚፈቅደው፣ መሥሪያ ቤቱም ሠራተኛ የሚመርጠው በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ከሆነ፣ መሣሪያውን በሚሠሩት መካከል የአብነት ልጅ መኖር አለመኖሯ የምጽዋት ነገር መሆኑ ቀርቶ የአገር ጥቅም ይሆናል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ሆኖ ከተቋቋመ ወዲህ የክፍያ ነገር በየቤቱ መነጋገሪያ በሆነበት በዚህ ጊዜ፣ ዋናው ተነክቶ የማይወጣበት፣ ከትርፉ ብቻ የሚወጣበት ቋሚ ገንዘብ ይመሥረት፤ ገንዘቡንም በቅድሚያ እናንተ ባለ ፎቆቹ አዋጡ፤ ከዚህ ሰፈር መሐንዲሶች ያገኛችሁትን አገልግሎት ስታስቡ ነገሩ ልግስና ሳይሆን ዕዳ መክፈል መሆኑን ትረዱታላችሁ። ዕድሉ ከ11ኛ ክፍል ይጀምር፤ በክረምቱም ወራት ልጆቹ በተግባረ ዕድና በሕንፃ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ገብተው መሣሪያውን ይልመዱ። ድጋፉም በዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍያ ብቻ አይቁም፤ ላፕቶፕ፣ ዳታ፣ ማታ ከላቦራቶሪ የሚመልስ ትራንስፖርት፣ የዶርም ወጪና ሴት ልጅ በየወሩ የምትፈልገው ንጽሕና መጠበቂያ ይታከልበት፤ የመጨረሻውን መጻፌ የሚያሳፍረው አንባቢ ካለ፣ በዚህ ምክንያት ከክፍል የምትቀር ተማሪ መኖሯ ይበልጥ ሊያሳፍረው ይገባል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ በመጀመሪያው መንፈቅ ነጥቧ ስለወረደ ብቻ ዕድሉ ከማንም አይነጠቅ። ያችን አንደኛይቱን ሁሉም ያገኛታል። እኔ የምለምናችሁ ለመካከለኛዋ ነው፤ መካከለኛ ወንድ መሐንዲስ በአገራችን ሞልቶ ሳለ፣ ሴቲቱ ብቻ ወይ ድንቅ ወይም ምንም እንድትሆን የምንፈርድበት ሕግ የለንምና።

ድሃ ወንድ ልጅስ የለም ወይ የሚል ይኖራል። አለ፤ ለእርሱም ሌላ ደብዳቤ የሚጽፍ ቢገኝ ፊርማዬን አኖራለሁ። ነገር ግን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ካለፈው የበታችነት ታሪክ የተነሣ የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ የመሆን መብት አላቸው ሲል፣ ድጋፉ በመግቢያ ነጥብ ብቻ ይቁም አላለም። የትምህርት ጥራት ይወርዳል የሚለውን ክርክር በተመለከተ ግን፣ እኔ የጠየቅሁት ነጥብ እንዲቀነስ አይደለም፤ ፈተናው እንዳለ ሆኖ ለፈተናው የሚያበቃት ጊዜና መሣሪያ እንዲሰጣት ነው።

ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ሸንጎ ሴት መሐንዲሶችና የኮምፒውተር ባለሙያዎች የሚቀመጡበት ይሁን፤ በየዓመቱም ስንት እንደገቡ፣ ስንት እንዳለፉ፣ ስንት እንደቀሩና ለምን እንደቀሩ በአደባባይ ይነገር። የቀሩትን ቁጥር መደበቅ የለመድነው ነገር ስለሆነ፣ ይህን ነጥብ በተለይ አጥብቄ እለምናለሁ።

የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ በመስከረም ስለሚሆን፣ ሚኒስቴሩ፣ ቦርዱና ባንኮቹ ተነጋግራችሁ የምትወስኑትን ከነሐሴ ወር በፊት ብታሳውቁን፣ ልጆቹ የትምህርት ክፍላቸውን ሲመርጡ አውቀው ይመርጣሉ። መልሱን በጋዜጣ ማውጣት ቢያስቸግር፣ በተግባረ ዕድና በሕንፃ ኮሌጅ በር ላይ ባሉት የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ቢለጠፍ ይበቃናል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የልደታ ነዋሪ፣ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር